ፊልሙ ጊኒር ሳይደርስ

ሮቤ

ለምወድሽ እትዬ፣

አንቺ፣ ባለቤትሽና ሕፃኑ እንዴት ናችሁ? የልጁ ሳል ለቀቀው ወይ? መሄድስ ጀመረ? እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ነው፤ የጓሮው ጎመን እንኳ ተቃጥሏል። እማዬ ትበላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ሰው ሲመጣ ተቀመጡ ትላለች፤ ስለዚህ ደህና ናት ልበልሽ። እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ስለ ጤናችን ከዚህ በላይ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

ያልደወልኩት ቁጥርሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ድምፅሽን ከሰማሁ የምለውን እንደማልጨርስ ስለማውቅ ነው። ይህን ወረቀት የሚያመጣልሽ ጀማል የሚባል የገሰራ ልጅ ነው። ከተማ ለከተማ እየዞሩ ፊልም ከሚያሳዩት ሰዎች ጋር ቅዳሜ ጊኒር ይገባል። አዳራሽ ገብተሽ፣ ሳታስቢው በየነን እንዳታዪው ብዬ ነው አስቀድሜ የምጽፍልሽ። አዎ፣ ወንድማችን ፊልሙ ውስጥ አለ። ይስቃል፣ ያወራል። ስለ አንቺም ያወራል።

እሱ ከሞተ ወዲህ ቤቱ እንዴት እንደ ሆነ ልንገርሽ። አልጋው አሁንም ከእኔ አልጋ አጠገብ ነው፤ አንሶላውን የሚያነሳው የለም። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሲሳሳቁ ቆይተው እኔ ስገባ ጸጥ ይላሉ። ለደግነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እኔ ከምገባ ብቀርላቸው የሚሻል ይመስለኛል። እማዬና እኔ እራት ላይ «ጨው አነሰው?» «አላነሰውም» ተባብለን እንነሳለን። የበየነን ፎቶ ቤት ከቆለፍነው ወዲህ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ገብቼ ነበር። የሮቤ ሰው ሁሉ ፎቶ ተደርድሯል፣ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ክርስትና የተነሳው። የእሱ ፎቶ ግን አንድም የለም። ሲያነሳ ኖሮ ማን ያንሳው?

እማዬ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ ስትጠይቅ የከረመችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጊኒር ምን ሊሠራ ሄደ? ከጊኒር መንገድ ምን ነበረው?» ሾፌሩን ጠየቀች፣ የፎቶ ቤቱን ጎረቤት ጠየቀች። እኔ አውቅ ነበር፤ ወደ አንቺ ነበር የሄደው። ያለ ፈቃዷ ኦሮሞ አግብተሽ ከወጣሽ ወዲህ ግን ስምሽ በቤታችን አይጠራም። በየነ «ጊዜው ሲደርስ ራሴ እነግራታለሁ» ብሎኝ ስለ ነበር አፌን ዘጋሁ። ጊዜው ሳይደርስ፣ ከአንቺ ዘንድ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። የሞተ ሰው የያዘውን ወሬ እንዴት አድርጌ ልናገርለት? በቀብሩ ቀን ጥቁር ሻሽ ያደረገች ሴት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ነበር አሉ። ማን እንደ ነበረች አልጠየቅሁም። አንቺም አትንገሪኝ።

ፊልሙን የሠሩት እኅተማርያም የምትባል የአዲስ አበባ ልጅና ጓደኞቿ ናቸው። ገንዘብ የሚሰጣቸው ድርጅት የለም፤ ሲኒማ ቤትም አልተቀበላቸውም። በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ጄኔሬተር፣ ፕሮጀክተርና አቡጀዲ ጭነው ይዞራሉ። ፊልሙ ስለ እኛ ስለ ባሌ ሰዎች ነው። ከጦሩ ጋር ከሸዋ መጥተው እዚህ የቀሩት ሰዎች የልጅ ልጆችና፣ መሬቱ የእነሱ የነበረው ሰዎች የልጅ ልጆች ተራ በተራ ይናገራሉ። ሲያልቅ ውይይት አለ፤ ውይይቱም ሕግ አለው። መናገር የፈለገ ሰው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ተናጋሪ ያለውን እንደ ራሱ ታሪክ አድርጎ፣ «እኔ» እያለ፣ በራሱ ቋንቋ መመለስ አለበት። ባለ ነገሩ «አዎ፣ ብያለሁ» ካላለለት የራሱን መጀመር አይችልም። ጎባ ላይ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይኼ ውይይት ነው ወይስ የአስተርጓሚ ፈተና?» ብለው አዳራሹን አሳቁት አሉ።

ጎባ ላይ ከማሳየታቸው በፊት እኅተማርያም ቤታችን መጣች። በየነን የቀረጸችው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብላ ነው። እማዬ ፊት ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና «እማማ፣ እሱ ያለበትን ቦታ አውጡት ካሉን እናወጣዋለን» አለቻት። እማዬ ቀና ሳትል «አውጡት። የልጄን ሬሳ ከተማ ለከተማ አታዙሩብኝ» አለች። ስለዚህ ጎባ ላይ ያለ እሱ አሳዩት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀማል ያረፉበት ሆቴል በር ላይ አገኘኝና «የወንድምህን ማየት ትፈልጋለህ?» አለኝ። በኮምፒዩተሩ አሳየኝ። የሚለውን ሁለቴ ሰማሁት። ያ ቦታ ከፊልሙ ወጥቶ ቀርቶ ቢሆን የእማዬ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይኖር ነበር፤ አንቺም ለእሷ እንደሌለሽ ትቀሪ ነበር። ቢታይ ደግሞ፣ በከተማው ሰው ሁሉ ፊት ስትሰማ፣ የሞተውን ልጇን ትቀየመዋለች ብዬ ፈራሁ። አንቺን ከቀድሞው ይበልጥ ብትጠላሽስ? ይህን የሚያማክሩት ሰው አልነበረኝም። የማማክረው እሱን ነበር።

ቤት ስገባ ስንዴ እየለቀመች አገኘኋት። «እማዬ፣ ድምፁ አለበት» አልኳት። ሰፌዱ ላይ ያለው እጇ ቆመ። «ምን ይላል?» አለችኝ። «አንቺው ስሚው» አልኳት። ወደ ስንዴዋ ተመለሰች። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «በል ንገራቸው፤ አያውጡት» አለችኝ።

በሮቤ አዳራሽ መስኮቶቹን በስንዴ ጆንያ ሸፍነው በቀን ነው ያሳዩት። እማዬ በጥቁር ነጠላዋ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከጎኗ። በየነ ከአጥራችን ሥር ተቀምጦ አቡጀዲው ላይ ታየ። እትዬ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ያው ነው። እንዲህ አለ፦ «ቅድመ አያቴ ከጦሩ ጋር መጣ። መሬት ተሰጠው፤ መሬቱ ላይ የነበሩት ሰዎችም አብረው ተሰጡት። በቅሎው ዳማ ትባል ነበር፤ ይህን የማያውቅ ልጅ ቤታችን ውስጥ የለም። ያርስለት የነበረው ገባርስ ማን ይባላል? አላውቅም። እናቴም አታውቅም። የበቅሎዋን ስም ይዘን የሰውየውን ጣልነው።»

ከዚያ የእኅተማርያም ድምፅ በእጁ የያዘው ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። ትንንሽ ጫማዎች ነበሩ። ያን ሳቁን ሳቀና «የእኅቴ ልጅ ሊቆም ነው። ጊኒር ልወስድለት ነው። እኔ ካልሄድኩ ማን ይሄዳል?» አለ። ቀጥሎም በኦሮምኛ «አኒ ኤሱማ ኢሳቲ» አለ፣ የእናቱ ወንድም እኮ ነኝ። ከኋላ አንድ ሰው «ኤሱማ በጫማ አያመልጥም፣ የሚሰጠው ጊደር ነው!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ ሳቀ። ወዲያው አጠገቡ ያለው ሰው ጎሰመው መሰለኝ፣ ሳቁ ተቋረጠ። እማዬን ለማየት አልደፈርኩም። ትንፋሿን ብቻ ነበር የምሰማው።

መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ የተነሱት ሐጂ አማን ናቸው፤ ከከተማው ዳር ገብስና ስንዴ የሚያርሱት ሽማግሌ። በኦሮምኛ ተናገሩ። «ያ ገባር ስሙ አልጠፋም፤ እኛ ቤት አለ። ቡልቶ ይባላል፣ የአባቴ አባት ነው። የዚያን ቤት አጥር መጀመሪያ ያጠረው እሱ ነው፤ ሲሞት ከአጥሩ ማዶ ቀበሩት። መሬት ልጠይቅ አልመጣሁም። ልጁ ግን ጠይቆ ነበር፤ መልሱን ሳይሰማ ሞተ። ስሙ በዚያ ቤት እንዲጠራ እፈልጋለሁ። ሰው ሁለቴ አይቀበርም» ብለው ተቀመጡ።

እማዬ እጇን አነሳች። እኅተማርያም ደንግጣ «እማማ፣ እርስዎ ሕጉ ይቅርብዎትና እንዲሁ ይናገሩ» ስትላት፣ «ሐዘንተኛ ሕግ አይቀርለትም» ብላ ተነሳች። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠች መለሰች። «አያቴ ገባር ነበር። የሰው አጥር አጠረ። ከአጥሩ ማዶ ተቀበረ። መሬት አልጠይቅም። ስሙ በዚያ ቤት እንዲጠራ እፈልጋለሁ። ሰው ሁለቴ አይቀበርም።»

ሐጂ አማን እማዬን በአክብሮት በስሟ ጠርተው፣ በአማርኛ፣ በቀስታ፣ «አዴ ሠርኬ፣ ብያለሁ እንዳልል አንድ ነገር ቀረ። ስሙን አልጠሩትም» አሏት።

የፊት ወንበሩን መደገፊያ ጨበጠች። እማዬ አንድ ጊዜ አልጠራውም ያለችውን ስም እንደማትጠራ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አዳራሹ ሲጠብቅ ሕዝቡ ሁሉ የማያውቀውን እኔ አውቅ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ የምትታገለው ከቡልቶ ስም ጋር ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ «ቡልቶ» አለች። ሐጂም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «አዎ፣ ብያለሁ» አሉ።

«አሁን የእኔን ልናገር?» አለች። «የምናገረው የለኝም፤ የምጠይቀው ነው። ሐጂ፣ በእናንተ ወግ ኤሱማው የሞተበትን ልጅ ማን ይመርቀዋል?»

«እናቱ ሌላ ወንድም የላትም?»

«አላት።»

«እሱ ነዋ! ኤሱማ ወንበሩን ለታናሹ ይለቃል እንጂ ልጅ ያለ ኤሱማ አይቀርም።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የትምህርት ቤት ሹራቤን ለብሼ ነበር፤ ክርኑ ተቀድዷል። ጀማል ከፕሮጀክተሩ ኋላ «ጊደሩ አንተ ላይ ወደቀ!» አለኝ። ሰው ሳቀ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ አላየሁም።

ወደ ቤት ተመለስን። እራት ላይ ጨው አነሰው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «ጫማው ልክ ሆነለት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ትልቅ ነው የሚሆነው። በየነ መለኪያ አያውቅም» አለች፤ ከሞተ ወዲህ ስሙን ሳታለቅስ ስትጠራ ያን ጊዜ መጀመሪያዋ ነው። ለእነ ሐጂ አማን ቤትም በዓል ሲመጣ ጠላ እንደማይሆን፣ ማር እንደምትልክ ነገረችኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በመንገዱ ራስሽን አትክሰሺ። ጫማውን ይዞ ሲስቅ ስታዪው ማን አስገድዶት እንዳልነበረ ታያለሽ። ከእኛ ቤት ሰው መካከል ደስ ብሎት የሚሄድበት ቦታ የነበረው እሱ ብቻ ነው። አሁን ትምህርት ሲዘጋ እኔ ልምጣ? ጊደር የለኝም። የፎቶ ቤቱን ካሜራ ይዤ እመጣለሁ፤ ልጁንም አነሳዋለሁ፣ አንቺንም።

ዛሬ ጠዋት እየጻፍኩልሽ መሆኔን ለእማዬ ነገርኳት። «ሰላም ብላሻለች ልበላት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ወረቀቱ ያንተ ነው» ብላ ወጣች። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ግን አንድ ነገር ታቅፋ መጣች። የእኛ አንቀልባ ነው፤ አንቺንም፣ በየነንም፣ እኔንም ያዘለችበት። ቆዳውን በቅቤ አሽታዋለች፤ ጠፍሩም አዲስ ነው። ለጀማል ሰጠችውና «የጊኒር መንገድ ያንገጫግጫል፣ ፕሮጀክተሩን ጠቅልሉበት» አለችው። ጀማል «እማማ፣ ፕሮጀክተሩ እኮ የራሱ ሳጥን አለው» ሲላት «ዝም ብለህ ያዝ! አንተ ልጅ ክርክር ታበዛለህ። እዚያ ስትደርሱ ለማን እንደምትተዉት ታውቃላችሁ። መልሱልኝ አላልኩም» አለችው።

ሚኒባሱ እየጠበቀኝ ነው፤ እዚህ ላይ ላቁም። እግዚአብሔር ከሕፃኑ ጋር በጤና ያቆይሽ። ባለቤትሽንም በእኔ ስም እጅ ንሺልኝ፣ የእመቤታችንም በረከት ይድረስሽ። ያለቀሰች ዓይንሽን እግዚአብሔር ራሱ ያብሰው። እስክንገናኝ ብርድ አይንካችሁ።

ታናሽ ወንድምሽ