የፔዳሉ ላስቲክ

ይድረስ ለእታለሜ ለየኔአለም፣ ጂዳ።

እንደምን ከረምሽልኝ? ሙቀቱ በረድ አለልሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እምዬ ስልኩን አልለቅ ስላለችኝ ነው።

የላክሽልኝን የብስክሌት ፔዳል ጎረቤታችን ኡምኩልሱም ከነማሸጊያው አድርሳልኛለች፤ አላህ ይስጥልኝ። የቱን ልላክ ብለሽ ፎቶ የላክሽልኝ ጊዜ ብስክሌት ጠጋኙን አብዱራህማንን አማክሬው ነበር። ከጫማ ጋር የሚቆለፈውን ሲያይ ሳቀ፤ ይሄ ለእሽቅድድም ነው እንጂ ለአህያና ለበግ በየመንገዱ ለሚወርድ ሰው አይሆንም አለኝ። ለስላሳው ፕላስቲክም ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ስለዚህ ሰፊውን፣ ጫማ ቆንጠጥ የሚያደርጉ ትንንሽ ጥርሶች ያሉትን መረጥን። በቆዳ ጫማም በቦቲም ይነዳል።

ታዲያ እናትሽን ታውቂያት የለ! ላስቲኩን ልቀደው ስል፣ የልጄን ልፋት ጭቃ አታስነካብኝም ብላ ቆመችብኝ። በፊት የላክሽው ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ፣ ፔርሙሱ ከነካርቶኑ እንደተቀመጠ ሁሉ ፔዳሉም ከነላስቲኩ ተገጠመ። እኔም ሞኙ እሺ አልኩ። በማግስቱ ከጤና ጣቢያው ሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ቁልቁለቱ ላይ እግሬ ሙልጭ አለ፤ ከነብስክሌቴ ቦይ ውስጥ ገባሁ። አትደንግጪ፣ ጉልበቴ ተላጠ እንጂ አጥንቴ ደህና ነው።

እምዬ ግን ብስክሌቱን ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት። ከተማ ቤት ተከራይተህ እዚያው እደር አለችኝ። አንቺ ብስክሌቱን የገዛሽልኝ እሷ ብቻዋን እንዳታድር አይደል? ተናደድኩ። ጥፋቱ የላስቲኩ ነው፣ የኔአለም የላከችው ልንገለገልበት እንጂ ልንጠብቀው አይደለም አልኳት።

ጠዋት ስነሳ ብስክሌቱ ደጅ ቆሟል፤ ፔዳሉ ላስቲኩ ተገፎለታል። እምዬ ብርድ ልብስሽን ደርባ፣ ከፔርሙስሽ ሻይ እየቀዳች ትጠጣለች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቢዘንብም እየነዳሁ ማታ ቤቴ እገባለሁ፤ እግሬም አንሸራትቶኝ አያውቅም።

አጎታችን ዋለ በጣም ናፍቀሽኛል ብሎሻል። እትዬ ዓባይነሽ ጉንጭሽን ስማለች። ኡምኩልሱምም ሰላም ብላሻለች። እምዬ ዓይንሽን ትስማለች። አንድ ያልከፈተችው ዕቃ ብቻ ቀርቷል፤ ለፋሲካ የላክሽላት ቀሚስ። ልክፈትልሽ ብላት እጄን መለሰችው። ይሄንንስ እሷው መጥታ ታለብሰኛለች አለች።

ወንድምሽ ይሄነው
መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.