በቴሌቪዥን ስለተሠራልን የጨርጨሪት ድልድይ

ለተከበሩ የመንገድና የማመላለሻ ጉዳይ ሚኒስትር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በዚያች ዕለት ከግራና ከቀኝዎ ተቀምጠው ለነበሩት ለአካባቢ ጥበቃውና ለሕዝብ ደኅንነቱ ክቡራን ሚኒስትሮች ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎት የምመኘው ከልቤ ነው። ድምፅዎ ቢዘጋ እኛ በዚህ በረሃ ያለነው የአገራችንን መልማት ከማን እንሰማለን?

ስሜ ቢተው ይባላል። ዶሃ ከተማ፣ አል ሂላል በሚባለው ሰፈር፣ ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖራለሁ። ሹግሌ፣ ሥራዬ ማለቴ ነው፣ ሾፌርነት ነው፤ ጧት የአሠሪዬን የባባን ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ማዳምን ገበያ እወስዳለሁ። ይህን የምጽፍልዎት ግን ስለ ራሴ አይደለም። ከእኔ አልጋ ቀጥሎ ስለሚተኛው፣ አንድ ሕንፃ በዘበኝነት ስለሚጠብቀው ጓደኛዬ ስለ አብዱልመሊክ ነው። እሱ ራሱ ሊጽፍልዎት አልፈለገም። ስሜን ብትጠራው ግን ከዚህ የባሰ አይመጣብኝም ብሎ ፈቅዶልኛል።

ክቡርነትዎ ምናልባት ያልሰሙት አንድ ልማድ አለን። አብዱልመሊክ የተወለደባት የሰሜን መንደር መብራት ገና ስላልገባላት ቴሌቪዥን የላትም። እኛ ደግሞ ጣሪያ ላይ ዲሽ ሰቅለን፣ ዓርብ ዓርብ ሙስሊሞቹ ከጁምዓ፣ እኛ ክርስቲያኖቹም አቡ ሃሙር ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ስንመለስ፣ የአገራችንን ጣቢያ ከፍተን እንቀመጣለን። በዚህም ምክንያት የመንደሩ ሰው የራሱን ወረዳ ወሬ የሚሰማው ከዶሃ ነው። ማዳበሪያው መቼ ይመጣል፣ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ተመደበ ወይ እያሉ፣ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥተው የሚጠይቁት እዚህ ያለውን ልጃቸውን ነው። የደጃፋቸውን ነገር ለማወቅ ባሕር ማዶ ይደውላሉ ብለው እንዳይስቁባቸው አደራ። ክቡርነትዎ የሚናገሩት ለቴሌቪዥን ስለሆነና እነሱ ቴሌቪዥን ስለሌላቸው ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ሦስታችሁም ክቡራን የምክር ቤት አባላትን ጥያቄ ልትመልሱ ቀረባችሁ። የአብዱልመሊክ ወረዳ ተወካይ ተነሥተው የጨርጨሪት ወንዝ ድልድይ ከምን ደረሰ ብለው ጠየቁ። ከዚያ በፊት እኒህን ተወካይ እጃቸውን ለድጋፍ ሲያወጡ እንጂ ለጥያቄ ሲያወጡ ስላላየናቸው፣ ክፍላችን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። እርስዎም መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው፣ ወረቀት እንኳ ሳያዩ፣ ድልድዩ ተጠናቆ ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት ሆኗል ሲሉ መለሱ። ጣቢያውም ወዲያው ነጭ አጥር ያለው፣ መኪና ወዲህና ወዲያ የሚልበት ያማረ ድልድይ አሳየን።

አጨበጨብን። አብዱልመሊክ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኃይሌ የሚባለው የክፍል ጓደኛችን ብቻ፣ ይህማ የእኔ የትውልድ አገር ድልድይ ነው፣ ከሥሩ እየዋኘሁ ያደግሁበት ነው ቢል፣ ያላ፣ አንተ ምቀኛ ብለን አፉን አስዘጋነው። እንዴት አመናችሁ ይሉን ይሆናል። የምንኖርበት ከተማ ትናንት ባዶ አሸዋ የነበረው ቦታ ዛሬ ድልድይ የሚሆንበት ነው። ባባን ወደ አል ዋክራ ይዤ በሄድኩ ቁጥር መንገዱ ተለውጦ ይጠብቀኛል። ሊሠራ ነው የተባለው ተሠርቶ ማየት ለምደን ነበርና፣ ያንኑ ልማድ ሳናስበው ወደ አገራችንም ይዘነው ገባን። ይህ የእኛ የየዋሆቹ ስሕተት እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ እርስዎ አገርዎን በደንብ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአብዱልመሊክ ሚስት ኡሙኩልሱም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ፣ መውለጃዋ ነሐሴ ላይ ነበር። በዚያ አገር እርጉዝ ሴት ክረምት ሳይገባ፣ ጨርጨሪት ገና በእግር ሲሻገሩት፣ ጤና ጣቢያው ወዳለበት ከተማ ተሻግራ ዘመድ ቤት ትከርማለች። ኡሙኩልሱምም ከተማ ያለች አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ጓዟን ሸክፋ ቀን ቆርጣ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከአባቷ ጋር ኮረብታው ላይ ወጥታ ስለምትጠብቀው፣ አብዱልመሊክ እርስዎ ንግግርዎን ሳይጨርሱ ስልኩን አነሳ። ኸላስ፣ ድልድዩ አልቋል፣ ሰው ቤት ምን ያንከራትትሻል፣ እናትሽ ጋ ሁኚና ቀንሽ ሲደርስ በመኪና ትሻገሪያለሽ አላት። መንደርተኛው የሚሻገረው ቤቱ አጠገብ ባለው በላይኛው መሻገሪያ ስለሆነ፣ ድልድይ ይሠራበታል የተባለውን ሩቁን ቆላ ወርዶ ያየ ሰው አልነበረም። አባቷ ሼህ ሙህዲን፣ ልጄ እኛ እኮ አልሰማንም ቢሉት፣ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ መለሰላቸው። እውነቱን ነው፣ አይቶታል።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

1. ስለ መንገድ። ነሐሴ ላይ ምጧ ሲጀምራት የመንደሩ ወንዶች ኡሙኩልሱምን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ላይኛውን መሻገሪያ ሞልቶ ስላዩት ትተው፣ ድልድዩ አለ ወደተባለበት ወደ ቆላው ወረዱ። የወረዱት በአብዱልመሊክ ቃል ነው፤ አብዱልመሊክም በእርስዎ ቃል ነው። ሲደርሱ ያገኙት ሁለት ቁልል ድንጋይና ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ነበር። ውሃው እስኪጎድል እንጠብቅ ብለው ቃሬዛውን አወረዱ። ኡሙኩልሱም እዚያው ወንዙ ዳር ሴት ልጅ ወለደች፣ ደሟ ግን አልቆም አለ። ጨርጨሪት የጎደለው እሷ ካረፈች በኋላ ነው። የተቀበረችውም ከዚያው ከፍ ብሎ ነው። ስለ ድንጋዩ ቁልል ግን ሳላመሰግንዎት አላልፍም፤ ተከትለው የወረዱት ሴቶች ከነፋሱ ሊከልሏት ነጠላቸውን የዘረጉት እሱን ተደግፈው ነው።

2. ስለ አካባቢ ጥበቃ። ከጎንዎ የነበሩት ክቡር ሚኒስትር በዚያው ቀን ሲመልሱ፣ በጨርጨሪት ግራና ቀኝ የተተከለው ችግኝ አፈሩን ይዞ፣ ወንዙ ከመውረጃው እንዳይወጣ አድርጎታል ብለው ነበር። ወንዙ ይህን መግለጫ ሳይሰማ ቀርቶ ችግኙንም የሰውንም በቆሎ ጠርጎ ሄደ። ለወንዙም ቴሌቪዥን እንዲገባለት ቢታሰብበት መልካም ነው።

3. ስለ ሕዝብ ደኅንነት። ሌላኛው ክቡር ሚኒስትር በዚያ መሻገሪያ አንድም የተሽከርካሪ አደጋ አለመመዝገቡን በኩራት አስረድተዋል። ትክክል ነው፣ ተሽከርካሪ አይደርስበትም። ኡሙኩልሱምም የሄደችው በቃሬዛ ስለሆነ የክቡርነታቸውን ሪፖርት አላበላሸችባቸውም። በዚህች እንኳ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።

4. ይህ የመጨረሻው ነው፤ የምጽፍልዎትም ስለዚህ ነው። አብዱልመሊክ መርዶውን የሰማው ሥራ ላይ ቆሞ ነው። ፓስፖርቱ በአሠሪዎቹ እጅ ስለሆነና የሚተካው ዘበኛ ስላልተገኘ አገሩ ገብቶ አፈር እንኳ አላለበሰም። ለቅሶውን እዚሁ ክፍላችን ውስጥ አልጋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ተቀመጥንለት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እየመጣ አጽናናው። እሱ ግን ለሚያጽናናው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ በዓይኔ አይቼው ነበር ይላል። አሁንም ይላል።

ሼህ ሙህዲን ግን አላመኑትም። እሳቸው የሚያውቁት ከአማቻቸው በቀር ድልድይ አለ ያላቸው ሰው አለመኖሩን ነው። ሚስቱን ከተማ ለማስከረም ፍሉሱን፣ ገንዘቡን፣ ሰስቶ፣ ከዓረብ አገር ሆኖ ድልድይ ፈጠረብን ብለው ለመንደሩ ተናገሩ፤ መንደሩም ተቀበላቸው። ሚኒስትር ነው እንዲህ ያለው ቢላቸው፣ ሚኒስትር ያህል ሰው የሌለ ድልድይ አለ አይልም፣ ደግሞ በትልቅ ሰው ስም ትዋሻለህ አሉት። ሼሁ ክቡርነትዎን እንዴት እንደሚያከብሩዎት እንዲያውቁት ብዬ ነው የጻፍኩት። ልጅቷ ጠይባ ተብላለች፤ የምታድገው እሳቸው ቤት ነው። አብዱልመሊክ በደወለ ቁጥር፣ ድምፁን ሲሰሙ ይዘጉበታል። የልጁን የለቅሶ ድምፅ እንኳ በስልክ ሰምቶ አያውቅም። የዓመት ፈቃዱ ለመጪው ሐምሌ ደርሶለታል፤ ሼሁ ግን ደጄን እንዳይረግጥ ብለው በሰው ልከውበታል።

ከክቡርነትዎ የምንለምነው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ድልድዩ አልተሠራም፤ ተሠራ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰውየው የሰማውን ነው የደገመው። በዚያው መነጽርዎን በሰቀሉበት ቦታ ቆመው ቢሏት፣ ድልድዩ ክፍት ሆኗል ካሉባት ዓረፍተ ነገር ብዙ አትረዝምም።

ይህንንም ሳንሞክር ቀርተን በአደባባይ ልናስቸግርዎ አልመጣንም። ቢሮዎ ደውለን ነበር፤ ስልኩን ያነሱት ሰው በጣም ትሑት ስለነበሩ፣ ለምክር ቤት የተሰጠ መልስ በስልክ አይታረምም፣ ተወካያችሁ እንደገና ይጠይቁ ብለው ሸኙን። ተወካዩን በብዙ ድካም አገኘናቸው። እሳቸውም አዘኑልን፤ ነገር ግን መልስ የተሰጠበት ጥያቄ ሁለት ጊዜ አይነሣም አሉን። መልሱ እኮ ውሸት ነው ብንላቸው፣ ቢሆንም መልስ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ የምንደውልለት ሰው አጥተናል።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የታሰበለትን ያደርጋል ብዬ አልጻፍኩትም። እልህ ይዞኝ ነው። አንድ ደኅና ሰው ከአጠገቤ ሲያልቅ እያየሁ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው። ዓርብ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት አብዱልመሊክ ተነሥቶ ይወጣል፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ሐምሌ ላይ ትሄዳለህ ወይ ስለው፣ ሄጄ የት አርፋለሁ ይለኛል። እዚህ የለመድነው ኢንሻአላህ የሚለው ቃል እንኳ ከአፌ አይወጣልኝም።

ሆኖም ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡ፣ ውለታዎ አለብኝ። ሹመትዎ እንዲጸና፣ የሚጠይቅዎትም ተወካይ እንዳይበዛብዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በሰው አገር፣ ተሠራ በተባለው ሁሉ ላይ ሰው ሲያሻግር የኖረ፣
ታዛዥዎ ሾፌር ቢተው
ዶሃ፣ አል ሂላል፣ ሚያዝያ 2001 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ በጣቢያው ቀርበው፣ የተጠናቀቁ ድልድዮችን በአካል ሊጎበኙ ማሰብዎን ሲናገሩ ሰማሁ። ወደ ጨርጨሪት ከሄዱ፣ እንደ ሙያ ባልደረባ ለሾፌርዎ አንድ ምክር አለኝ፤ ከመጨረሻው መታጠፊያ በኋላ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ መንገዱ ምልክት ሳይኖረው ነው የሚያልቀው። ከዚያ ወርደው በእግርዎ ወንዙ ዳር ይድረሱና ወደ ማዶ ይጣሩ። ሼህ ሙህዲን ከልጃቸው መቃብር አይጠፉም ይባላል፤ ድልድዩን አለ ያለው ማን እንደሆነ በራስዎ አንደበት ይነግሯቸዋል። የሚሄዱት በክረምት ከሆነ ግን አይድከሙ። ያን ዕለትም ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ወደ ከተማው በኩል ሲጣሩ ውለው ነበር፤ ከውሃው ጩኸት የተነሣ የሰማቸው የለም።