ሁለት አፎት፣ አንድ ሽጉጥ

ነሐሴ 12 ቀን 1972፣ ቡሬ

ዝናብ። ቆዳው አልደርቅ ብሏል። ጠዋት የአለቃ ገብረ ሕይወትን የዳዊት ማኅደር ጠገንሁ። ማንገቻውን አይጥ በልታዋለች። ከሰዓት በኋላ ምንም ሥራ የለም። ባለቤቴ ካሰች "ሱቁን ዘግተህ ግባ እንጂ" አለች። አልዘጋሁም። ከደጄ ላይ የአውቶቡስ ማቆሚያው ይታያል። የደምበጫው አውቶቡስ ጎማ ቀይሮ ሄደ። የዛሬ ወሬ ይኸው ነው።

ነሐሴ 14

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቸኮለ መጣ። ሱቄን በእርምጃ ለካ። ለወጣት ማኅበሩ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ሊመጣለት ነው፤ ማስቀመጫ ቤት የለም።

"አያ አድማሴ፣ ይቺ ቤት ለአንድ ሰው አትሰፋም?"

"እኔና ቆዳው ነን" አልሁት።

ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋሁባት ቤት... ከዚህ ብወጣ የት ልሰፋ ነው? ገበያ ዳር፣ ዝናብ ላይ?

ነሐሴ 17

ቸኮለ ተመለሰ። ዛሬ "አንቱ" አለኝ። ሲለምን አንቱ፣ ሲያስፈራራ አንተ ነኝ።

በሩን ገርበብ አድርጎ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ባሕር ዳር ሲኒማ ቤት ያየውን ስሎታል። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ፣ በሁለቱም ብብቱ ሥር ሽጉጥ። ጠፍሩ ከትከሻ ወርዶ በጀርባ ይጣመራል።

"ለመስከረም ሁለት ያደርሱልኛል? ለአብዮት በዓሉ የአውራጃው አለቃ ጓድ ክንዱ ከፍኖተ ሰላም ይመጣሉ።"

"ሰውዬው አሜሪካዊ አይደለም እንዴ?"

"ሰውዬው ነው እንጂ ጠፍሩ ምን አጠፋ?"

እውነቱን ነው። ከደረሰ ለፒንግ ፖንጉ ሌላ ቤት ይፈለጋል አለኝ። ካልደረሰ... አልጨረሰውም።

የሽጉጥ አፎት ሰፍቼ አላውቅም። የማውቀው ኮርቻና ማኅደር ነው። ግን ማኅደርም በትከሻ ይነገታል። ምን ልዩነት አለው?

ነሐሴ 19

ቸኮለን ለካሁት። እጁን አውርዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቄስ እንደምለካ ለካሁት።

"ሽጉጦቹንም ላያቸው።"

አንድ አስቀመጠ።

"ሁለተኛውስ?"

"ከአውራጃ እየመጣ ነው።"

ቆዳው እርጥብ ሳለ ቅርጽ ላይ ካልተወጠረ አይሆንም። ለሁለተኛው ከዋንዛ እንጨት ሽጉጥ ጠረብሁ።

ነሐሴ 28

ሁለተኛው ሽጉጥ አልመጣም። "መንገዱ ጭቃ ነው" ይላል ቸኮለ። አውቶቡሱ ግን በየቀኑ ይመጣል።

ጳጉሜን 2

ቸኮለ የዋንዛውን ሽጉጥ አነሳ፣ አገላበጠ፣ አስቀመጠ። እንደገና አነሳ።

"ይሄ ቢጠቁርስ?"

ጥላሸትና ሞራ አሸሁበት። ከሁለት እርምጃ ለሚያየው ብረት ነው። ካሰች ገልብጣ አየችውና "ጥይቱንስ ከምን ጠረብኸው?" ብላ ወደ ጓዳ ሄደች።

ጳጉሜን 3

ጨረስሁ። ካበቃሁ በኋላ ነው ያየሁት... በሁለቱም አፎት ፊት ላይ መስቀል ቀርጫለሁ። እጄ ለምዶ። ማኅደር ላይ ሳልቀርጽ ሰጥቼ አላውቅማ። አሁን የሊቀ መንበሩ ብብት ባለመስቀል ሆነ። ጥቁር ቀለም ደራርቤ ቀባሁት። ካልተጠጉት አይታይም። ማን ይጠጋዋል?

ጳጉሜን 4

ለብሶት ሄደ። በየብብቱ እንስራ የያዘ ይመስል ክንዱን ከፍቶ ነው የሚራመደው። ኮቱን አልቆለፈም። ብርድ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1973

ዓውደ ዓመት። ሜዳው ላይ ለነገው ሰልፍ ሲለማመዱ ቆሜ አየሁ። መፈክር ይባላል፣ ግራ እጅ ይነሳል። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ታየኝ።

ቸኮለን የለካሁት እጁን አውርዶ ነው። ቄስ ማኅደር አንግቶ እጁን ወደ ላይ አይወረውርም። ግራው ሲነሳ ጠፍሩ በጀርባ ይጎተትና የቀኙን አፎት ይገለብጠዋል። በቀኝ ያለው ደግሞ ዋንዛው ነው። ያውም ሞራ ጠጥቶ የሚያዳልጥ።

ቤቱ ድረስ ሄድሁ።

"ነገ ግራ እጅዎን ብዙ አያንሱ።"

"ሊቀ መንበር ካላነሳ ማን ሊያነሳ ነው? አንተ ለማን ነው የምትሠራው?"

አንተ አለኝ። ተመለስሁ።

መስከረም 2

ቸኮለ መድረኩ ላይ ከጓድ ክንዱ ጎን ቆመ። በመጀመሪያው መፈክር እጁን እስከ ጆሮው አነሳ። ምክሬን ሰምቷል ማለት ነው። ጓድ ክንዱ ዞር ብለው አዩት። በሁለተኛው እስከ ቆቡ። አሁንም አዩት። በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ዘረጋው።

ቋ።

እንጨት በእንጨት ላይ ሲወድቅ ድምፁ ይታወቃል። ሽጉጡ ሁለቴ ነጥሮ ጓድ ክንዱ ጫማ ሥር ቆመ። ከሰልፈኛው ማንም አልሳቀም፤ ሳል ግን በዛ። ጓድ ክንዱ አነሱት። በእጃቸው መዘኑት። ከዚያ የቸኮለን ኮት ገልጠው አፎቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። መስቀሉ ላይ ደረሱ... አየሁ፣ ጣታቸው ቆመ።

"ማን ነው የሰፋው?"

ቸኮለ በነፃው እጁ ወደ እኔ አመለከተ። ግራው ገና እንደተነሳ ነበር። ጓድ ክንዱ ዋንዛውን ኪሳቸው ከትተው አራተኛውን መፈክር አሰሙ።

መስከረም 3

ማንም አልመጣም። ካሰች ለእስር ቤት ብላ ጋቢና ዳቦ ቋጥራ በሩ ሥር አኑራለች። ለቤቴ ስፈራ ቆይቼ ዛሬ ለአንገቴ ሆነ። ወስፌዎቼን ሳልሁ። ሌላ ምን ይሠራል?

መስከረም 5

መጡ። ብቻቸውን። በሩን ራሳቸው ገርበብ አደረጉት። ጓድ ክንዱ ናቸው።

ኮታቸውን ፈቱ። አንድ አፎት፣ አንድ ሽጉጥ፣ በወገባቸው።

"ለእኔም እንዲያ ያለ ይስፉልኝ። ባለሁለት።"

"ሁለተኛው ሽጉጥ..."

"ዋንዛ የለም እንዴ?" አሉ። ከኪሳቸው የቸኮለን ዋንዛ አውጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡልኝ። "እንደዚህ። ሞራው ይቅር።"

"ያ... ፊቱ ላይ ያለውስ? እሱም ይቅር?"

ወደ በሩ አዩ።

"በውስጥ በኩል ይሁን።"

ሊወጡ ሲሉ የሱቁን ግድግዳ አይተው፣ "ይቺን ቤት ማንም እንዳይነካት ለሊቀ መንበሩ ነግሬዋለሁ" አሉ። ካሰች ቋጠሮውን ፈታች። ዳቦውን በላነው።

መስከረም 14

ሰውን እጁን አስወርጄ መለካት ትቻለሁ። የጓድ ክንዱን እጃቸውን አስነስቼ ነው የለካሁት። ፒንግ ፖንጉ ቸኮለ ቢሮ ገብቷል። የራሱ ጠረጴዛ ተነሥቶለት አሁን በመረቡ ወዲህ ይጽፋል፣ በመረቡ ወዲያ ማኅተም ያኖራል አሉ።

ዛሬ ራሱ መጣ። ጠፍሩ እንዲረዝምለት። "እንደምን ዋሉ አያ አድማሴ" አለ።

"ደህና። ግራ እጅዎን ያንሱ።"

አነሳ።

"ጨብጠው። እስከ መጨረሻው።"

ብርሃን ስለሚያስፈልገኝ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማቆሚያው ላይ ያሉት አዩት። ሊቀ መንበሩ እጁን አንስቷል፤ ምን ያድርጉ? አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ወደ ቀኝ አዛውረው ግራቸውን አነሱ። ዶሮ የያዘች ሴት ዶሮዋን እንደያዘች አነሳች። የአውቶቡሱ ረዳት ከበሩ ላይ፣ ተሳፋሪው በየመስኮቱ። ቸኮለ እንዳያወርድ ሕዝብ እያየው ነው። ሕዝቡም እሱ ሳያወርድ አያወርድም።

"አያ አድማሴ... አልጨረሱም?"

"ትንሽ ናት" አልሁት።

ወስፌዬን ፍለጋ ጎንበስ አልሁ። እጄ ላይ ነበር።