ላፕቶፑ እንዲስተካከል ብትጠይቅ ሠራተኛዋን ላዛወሩት ኃላፊ

ስሙን ለክብርዎ ስል ለማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡርነትዎ፣

የከተማችን ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ የስብሰባውም ብዛት ድምፅዎን ሳይዘጋ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ ደኅና ነኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ሠራተኛዎ ስለ ወይዘሪት ፀደንያ ነው። ጎረቤቴ ናት። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ፣ ወሬ ለመልቀም ፈልጌ ሳይሆን ግድግዳው ስስ ሆኖብኝ፣ ጉዳይዋን ከመዝገብ ቤትዎ የተሻለ ሳላውቀው አልቀርም። በሳምንት ሦስት ቀን ደብረ ብርሃን፣ ሁለት ቀን አንኮበር እየሠራች የነጋዴዎችን ፈቃድ በላፕቶፕ ታድሳለች። አንኮበር የዋለች ዕለትም በመሥሪያ ቤቱ መኪና ቤቷ ሳትመለስ አታድርም፤ እናቷ እትዬ እናናየሁ የዓይን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ጠዋትና ማታ መድኃኒቱን የሚያንጠባጥብላቸው ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም። እኔ እንዳልተካት እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የሞከርኩ ዕለት ጠብታው ያረፈው ጉንጫቸው ላይ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ላፕቶፑ አመሰግናለሁ። የኔትወርክ ባለሙያዎ አቶ ተስፋሚካኤል የደብረ ብርሃኑን ቢሮ የኔትወርክ ቁጥሮች ላፕቶፑ ላይ በእጃቸው አስገብተው፣ ማንም እንዳይነካቸው በይለፍ ቃል ቆልፈውባቸዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ አንኮበር ሲደርስ፣ የዚያው ዋይፋይ እጁን ዘርግቶ ቢቀበለውም፣ እሱ ግን የደብረ ብርሃኑን ቢሮ ሲፈልግ ይውላል። ቦታ በተቀየረ ቁጥር ቅንብሩን በራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ መሆኑን የነገሯት ራሳቸው አቶ ተስፋሚካኤል ናቸው። የይለፍ ቃሉን በስልክ መንገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ስለተከለከለ፣ «ሲበላሽ ይዘሽው ነይ» ይሏታል። ይዛው ስትመጣ ላፕቶፑ ደብረ ብርሃን ገብቷልና ምንም አይለውም፤ «ይኸው ይሠራል አይደል እንዴ!» ብለው ይመልሱላታል። ይህ አራት ጊዜ ሆኗል።

፪. ስለ ባለጉዳዮችዎ ትዕግሥትም አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ባያስተምሯቸው ከየት ያመጡት ነበር? የቅመማ ቅመም ነጋዴው አቶ ዓወል ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ሦስት ጊዜ ዳገቱን ወጥተዋል። በሦስተኛው ላፕቶፑን ትክ ብለው አይተው፣ «ይሄ ዕቃሽ ዛሬም ልቡን ደብረ ብርሃን ጥሎ ነው የመጣው?» አሏት። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ደግሞ ጨነቃቸውና፣ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ወላሂ እኔም ከቆላ ደጋ ስወጣ ጆሮዬ ይደፈናል» ብለው አጽናንተዋት ወረዱ።

፫. ወደ ዋናው ልምጣ፤ እዚህ ላይ የእኔም እጅ አለበት። ፀደንያ በመጨረሻ ለመሥሪያ ቤትዎ ማመልከቻ ጻፈች። ርእሱ «ላፕቶፑ አንኮበር ላይ ኢንተርኔት አልገባ አለኝ» የሚል ነበር። እኔ አዋቂዋ ጎረቤት «ይሄማ የመንገድ ወሬ ነው፤ ለቢሮ እንዲህ አይጻፍም» ብዬ አረምኩላት፦ «ጉዳዩ፦ በቦታ ለውጥ ምክንያት ማስተካከያ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ»። አምሮ ነበር፤ እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

መልሱ በዘጠኝ ቀን መጣ፤ የመጣው ግን ከኔትወርክ ክፍል ሳይሆን ከሰው ኃይል ክፍል ነው። «በጠየቁት የቦታ ለውጥ መሠረት አስፈላጊው ማስተካከያ ተደርጎ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በቋሚነት አንኮበር ተመድበዋል» ይላል። ከሥሩ ያማረ ፊርማዎ አለ። ባልና ሚስት አንድ ከተማ ለመኖር ዓመታት ዝውውር ሲለምኑ በማይበት አገር ዘጠኝ ቀን! እኔ ከርእሱ በታች ያለውን አንድ ገጽ ያነበበ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ፍጥነት እንደማይገኝ ይገባኛል፤ ስለዚህም አደንቃለሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ፍቅረ ማርያም ደግሞ፣ «እህቴ፣ ጠይቀሽ የተፈቀደልሽን መልሰሽ ታማርሪያለሽ እንዴ?» ብለዋታል።

፬. ላፕቶፑ የደብረ ብርሃን ንብረት ተብሎ ስለተመዘገበ አስረክባ ትሂድ ተብላለች። ዕቃው በቦታው ይቆያል፤ ትሄዳለች የተባለችው እሷ ናት። በቋሚነት ለተመደበ ሰው ደግሞ የመመለሻ መኪና ስለሌለ እዚያው ማደሯ ነው። እኛ የለመንነው ማሽኑ በደረሰበት ራሱን እንዲያስማማ ነበር፤ እርስዎ ግን ከማሽን ይልቅ ሰው ቶሎ እንደሚነቀልና እንደሚተከል በማወቅዎ ሥራውን አቅልለውታል። አሮጊቷ እናትስ እንዴት ይስተካከላሉ የሚለውን ደብዳቤው አልነገረንም።

ክቡርነትዎ፣ ከእንግዲህ ለመቀለድም ጉልበት የለኝም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሰኞ ሳይደርስ ያቺን ዝውውር ይሻሩልን፤ ላፕቶፑ እንደፈለገ ይሁን።

ከደጅዎ ባልርቅም ከፊትዎ ለመድረስ ያልታደልኩ፣ ለአጻጻፍ ውበት ስትል የሰው ኑሮ ያናጋች፣ ከፍ ያለ አክብሮቷን በታላቅ ድካም የምታቀርብ

የግድግዳ ተጋሪዋ ጎረቤት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእትዬ እናናየሁ ሳነብላቸው የሚከተለውን ጨምሪ አሉኝ፤ ቃል በቃል አስፍሬዋለሁ። «ልጄን የወሰደው ሰውዬ ሰኞ ጠዋት እጁን ታጥቦ ይምጣ፤ በሩን አልዘጋም። አንድ ጠብታ ብቻ ነው፣ ግራ ዓይኔ ላይ። የብልቃጡን ጽሑፍ እስከ ታች ያንብበው በይው፤ ርእሱን ብቻ አይቶ ደኅናውን ዓይኔን እንዳያጠፋብኝ።»