የጁዛ አረንጓዴ ቡቃያ

ውድ ቸቲና፣

እዚህ ቫሌታ የልደት ግርግም ለማየት ጁዛ የምትባል ሴት ቤት ገባሁ። በሕፃኑ ምስል ዙሪያ ያኖረችው የስንዴ ቡቃያ ነጭ መሆን ሲገባው እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው! የእኛ የጎዞ ደሴት ሴቶች ቢያዩት ጉድ ይሉ ነበር።

ጎረቤቷ፣ «አንቺ ጁዛ፣ ጣራ ላይ ነው እንዴ ያበቀልሽው?» አለቻት።

«የልጅ ልጄ ነዋ! ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ብደብቀው፣ በቀለ ወይ እያለ በየቀኑ ይከፍተዋል።»

ልጄ ዊስቲንም በሕፃንነቱ ልክ እንዲህ ነበር። እሱን ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያም አለቀስሁ። ጁዛ አንዱን ሳህን ቡቃያ አስያዘችኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። ባሌን ሳልቩንም፣ ዘንድሮ አልሠራም ያልሁትን ግርግም ከቆጡ ላይ ያውርደው በይልኝ።

ካርመና