የእድሩ ድንኳንና የጋሽ በላይ ጤንነት

ሰኞ

የእድራችን ትልቁ ማንቆርቆሪያ ክዳን ዛሬ ረፋድ ላይ ከመካከላችን መለየቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ልጆቹ የመኪና መሪ አድርገው ሲጫወቱበት አመለጣቸውና የቁስቋምን ቁልቁለት ተንከባሎ ወንዝ ገባ። ቀብሩን ውሃው ፈጽሞታል።

ሰባት ልጆችና አንዲት አክስት ናቸው፤ ከወሎ በኩል ጦርነት ሸሽተው የመጡ። የተመደበላቸው አዳራሽ ጣሪያው «በሁለት ሳምንት ይጠገናል» ከተባለ ሁለተኛ ወሩ ነው። እስከዚያ የእድሩ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ያለን ድንኳን አንድ። ደንቡም አንድ፦ አባል ከሞተ ድንኳኑ ወዲያው ተነቅሎ እሱ ደጅ ይተከላል።

ከድንኳኑ አጥር ወዲያ የሚኖሩት አባላችን ጋሽ በላይ ከተኙ ሰነበቱ። ይህን ሳምንት አይዘልቁም። ሊቀመንበሩም «ጸሐፊ፣ ገመዱን አየት አየት አድርገው» አለኝ።

«ልጆቹስ?» አልኩት።

ሰማዩን አየ። ሰማዩ ጠቁሯል። ደክሞኛል።

ማክሰኞ

ሲዘንብ ዋለ። ድንኳኑ አራት ቦታ ያፈሳል። ባልዲ አራት፤ ሦስቱ የተውሶ።

ከሰዓት ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ወይኔ ወንድሜ!» እያሉ ገቡ። ድንኳን አይተው ጋሽ በላይ ያረፉ መስሏቸዋል። ልጆቹ ደነገጡ። ዘሀራ፣ አሥር ዓመቷ ነው፣ ብድግ ብላ «የእናቴ መርዶ ነው?» አለች። እናቷ እዚያው ወሎ ቀርታለች፤ ስልኳ አይሠራም።

ሴቶቹ የጀመሩትን ልቅሶ የት እንደሚያደርሱት ጠፋቸው። ይቅርታ ጠየቁ፤ ይዘውት የመጡትን ንፍሮ አስቀምጠው ወጡ። ንፍሮው ተበላ።

ለዘሀራ የድንኳኑን ሥራ ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ደንቡም አብሮ አመለጠኝ።

«ሽማግሌው ከሞቱ እኛስ?»

ሳል ያዘኝ።

ረቡዕ

ድንኳኑ ባዶ! ሮጬ ሮጬ ጋሽ በላይ ቤት አገኘኋቸው። ሰባቱም አልጋውን ከበዋል። ዘሀራ አጥሚት በማንኪያ ይዛ፦ «ይጠጡ አባባ። ደግሞ ዛሬ እንዳይሞቱብን።»

«ማነው ይቺን የሾመብኝ?» አሉ ጋሽ በላይ። «እናንተ የምትወዱት እኔን አይደለም፤ ድንኳኑን ነው።»

«አዎ» አለች ዘሀራ።

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ ትንፋሽ ማጣት... እኔ በሐሳቤ ጥሩንባ ነፊውን ልኬው ነበር። ትንፋሻቸው ተመለሰ። ማንኪያውንም ተቀበሉ።

የሚያሳፍር ነገር፦ ከተኙ ወዲህ አጥሚት ይዞ የገባ ጎረቤት የለም። ሁሉም የሚጠብቀው ልቅሶውን ነው። ጸሐፊውን ጨምሮ።

ሐሙስ

ጋሽ በላይ ባሰባቸው። ልጆቹ በተራ ይጠብቃሉ፤ ዘሀራ ተራዋን አታስረክብም። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

አርብ

ጠዋት ከጋሽ በላይ ቤት ጩኸት። ሊቀመንበሩ ምን ተፈጠረ ሳይል ገመድ መፍታት ጀመረ። አክስትየዋ ብርድ ልብስ ታጥፋለች። እኔም አንድ ካስማ ነቀልኩ። አዎ፣ ነቀልኩ።

ያኔ ጋሽ በላይ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ የዘሀራን ትከሻ ተደግፈው ብቅ አሉ።

«ማነው ሳልሞት የሚነቅለው?»

«ጩኸቱስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«በቃኝ ብላት አልሰማ ብላኝ ነው! አጥሚት ሊገድለኝ ነው እኮ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊ፣ ጻፍ። እኔ ስሞት ድንኳን አይተከል። ዝናብ የፈራ ለቀስተኛ ጃንጥላ ይያዝ።»

ጻፍኩ። ፈረሙ። ሊቀመንበሩ የፈታውን ገመድ ራሱ አሰረው።

ዘሀራ አሰበች። «እንግዲህ ቢሞቱም ችግር የለም።» የሚጎተተውን ጋቢ እየሰበሰበችላቸው ደግሞ፦ «ግን አይሙቱ።»

ቅዳሜ

ካስማዬን መልሼ ተከልኩ። የዘሀራ እናት ስልክ ዛሬም አይሠራም። ዘሀራ አሁን የምትደውለው ከጋሽ በላይ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው። «ድገሚው» ይሏታል፤ ትደግመዋለች።

እርማት፦ ሰኞ ዕለት ጋሽ በላይን በተመለከተ «ይህን ሳምንት አይዘልቁም» ተብሎ የተመዘገበው ስህተት ነው። ሳምንቱ አልቋል፤ ሰውየው አጥሚቱ ስኳር አንሶታል እያሉ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ስለ ጥድፊያው ይቅርታ ይጠይቃል።