ፋኑ ዝም ሲል

መጋቢት 10፣ ጧት 3፡00

ዛሬም ያው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ፋን ወፍጮ ቤቱን ጀመረ። አባዬ ማይኩ ፊት ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ አንድ ሐረግ አዜሙ፣ ቆሙ። ደግሞ አንድ ሐረግ፣ ቆሙ። በየመሃሉ ፋኑ ብቻ ይጮኻል። እሱ ነው የሚያስቆማቸው። ሌላ ምን ይሆናል?

ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። መጋቢት 19 አባዬ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ድምፃቸው ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም አያውቅም። ስንቱን ተማሪ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተማረ ጉሮሮ ነው። እኔን ግን አንድም ቀን አላስተማሩኝም። ሴት ነኝና እሳቸውም አላነሡት፣ እኔም አልጠየቅኩ። አሁን ቢያንስ ድምፃቸው ይትረፍልኝ።

በስልክ ቀዳሁት፣ ከፍ ሲሉ ድምፁ ይሰነጠቃል። ካርዱን ነቅዬ ሞከርኩ፣ ስክሪኑ ጨለመ። ፋኑን መቀየር ነው ያለው። ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፣ የማቀናብረው ቪዲዮም የለም። ጊዜ አለኝ። ዘጠኝ ቀን።

መጋቢት 12፣ ከሰዓት 10፡00

ስመኘው ጋ ሄድኩ፤ ገበያው አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ። አዲስ ማቀዝቀዣ ከአዲስ አበባ ቢታዘዝ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ዋጋውም አይቀመስ። ሌላ መላ ነገረኝ። የካርዱን ፕላስቲክ ከነትንሹ ፋን አውልቄ ከሥር ያለውን አሉሚኒየም ልተወው፤ እላዩ ላይ ከሞቱ ኮምፒውተሮች የወጡ ሁለት ትልልቅ ፋኖች ልሰር። ትልቅ ፋን ስለማይቸኩል አይጮኽም አለኝ። ይህችን ነገር ወደድኳት።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ፋኖቹን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ነፋሱ ገብቶ ያዞራቸዋል። መብራት የለ፣ ሽቦ የለ፣ ዝም ብለው ይዞራሉ። ቤቴ ባይደረስ፣ እንዲሁ አማኑኤል ከተማ ድረስ ብሄድ ደስ ባለኝ።

መጋቢት 13፣ ጧት 5፡00

አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል። ይኸው ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ስመኘው የፕላስቲክ ማሰሪያ ሊሰጠኝ ረስቷል። ተመልሼ መሄድ ሰነፍኩ። ቤት ውስጥ ምን አለ? ጧፍ። ፈትሉ ጠንካራ ነው፣ ሰሙ ያጣብቃል። ፋኖቹን አራት ቦታ በጧፍ አሰርኳቸው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ ጸጥ አለ። ኮራሁ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ማር ማር ሸተተ። አባዬ ከጓዳ ሆነው ጧፍ ያበራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ማንም አላበራም። የካርዱ ሙቀት ሰሙን አቅልጦት፣ ፈትሉ ላልቶ፣ አንዱ ፋን ተንሸራትቶ አሉሚኒየሙን ይፍቀው ጀመር። ሶኬቱን ነቀልኩ። ሰሙ ካርዱ ላይ ተንጠባጥቧል።

የካህን ልጅ ሆኜ ሰም እንደሚቀልጥ ዘነጋሁ። ስድስት ቀን ቀረ።

መጋቢት 14፣ ከሰዓት 8፡00

ጧቱን ሙሉ ሰሙን በጥፍሬና በጥጥ ስለቅም አረፈድኩ። ካርዱ ይሠራል። ተመስገን።

አባዬ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ጧፍ ሲበራ እንጂ ሲያስር አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ። ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ከበሮ ጀርባ ትርፍ ጠፍር አወጡ። በጾሙ ከበሮ አይመታም፤ አባዬ ለፋሲካ ሊጠግኑት ያስቀመጡት ቆዳ ነው። ውኃ ውስጥ ነከሩት። እርጥቡን ጠፍር ካርዱ አጠገብ ማየት አስፈራኝና አሉሚኒየሙን ከካርዱ ፈትቼ ከፋኖቹ ጋር ለብቻው ሰጠኋቸው፤ በጠፍሩ ያስሯቸው ጀመር። ዓይናቸው ደክሟል፣ በጣታቸው ነው የሚያዩት። እኔ ላግዝ ብዬ ጠበቅ ሳደርገው እጄን መታ አደረጉኝ።

«ተይ የሺ፣ አትነቂው። ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል።»

ፀሐይ ላይ አወጣነው።

መጋቢት 16፣ ከቅዳሴ መልስ

ሕልም አየሁ። ሁለቱ ፋኖች ከገብስ ማሳ በላይ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ገብሱ ይተኛል፣ ይነሣል። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። አባዬ ማዶ ቆመው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ አይሰማኝም። ስነቃ ፊቴ እርጥብ ነበር።

ጠፍሩን ነካሁት። ደርቋል። እንደ አጥንት።

መጋቢት 17፣ ማታ 2፡00

ጧት ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት አዲስ ቀብቼ አሉሚኒየሙን መለስኩት፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ከፈትኩ። ምንም። አልተነሣም ብዬ አንገቴን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ፋኖቹ ይዞራሉ። እጄን አስጠጋሁ፤ ነፋስ አለ፣ ድምፅ የለም። እስከ ምሳ ጠበቅኩት። ካርዱ አልጋለም፣ ጠፍሩ ንቅንቅ አላለም።

አባዬን ጠራሁ። አንድ ሐረግ አዜሙ። ቆሙ።

አሁን እኮ የሚጮኽ የለም። ሁለተኛ ሐረግ፤ ቆሙ። ጉሮሯቸው ደከመ ብዬ ቀና አልኩ። አልደከሙም። አገጫቸውን ወደ እኔ አንሥተው ያዳምጣሉ።

ያኔ ገባኝ። ልጅ ሳለሁ በመስኮት ስሰማው ያደግኩት ነው። ተማሪዎቻቸው የኔታ የሚሏቸው አባዬ አንድ ሐረግ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ የኔታ ይቀጥላሉ። ተቀባይ ሳይኖር ማዜም አያውቁም። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔን እየጠበቁ ነበር፤ ያ ፋን ነው የሸፈነብኝ።

ተቀበልኳቸው። ዜማው ተሳሳተብኝ። አርመው ደገሙልኝ። ደግሜ ተቀበልኩ። አላመሰገኑኝም። «ቀጥይ» አሉኝ። ሲያስተምሩኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

እስኪመሽ ቀጠልን።

መጋቢት 18፣ ጧት 12፡30

ወደ ሆስፒታል የምንይዘው ሻንጣ በር ላይ ነው። አባዬ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ቅጂውን አሁን ሰማሁት። የሳቸው ድምፅ ጥርት ብሏል፣ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል። የእኔ በየመሃሉ ይገባል፤ ቀጭን፣ የተሳሳተ። ቆርጬ ላወጣው አስቤ ነበር፤ ሥራዬ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም። ማውሱን ያዝኩ። ግን ብቆርጠው በየሐረጉ መሃል ባዶ ይቀራል፣ አባዬም እዚያ ውስጥ ሲጠብቁ ይኖራሉ።

ድምፃቸው ባይመለስ እኔ አዜማለሁ፣ እሳቸው በጣታቸው ያርሙኛል። አልቆርጠውም።